ለቤት የሚሆን ላፕቶፕ

ሱሌማን ነገሩን የሰማው ከቤቱ ጀርባ ለታንኳ መሥሪያ የተዘረጋውን ደንገል ሲያገላብጥ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ነበር፤ ፀሐይ ከሐይቁ ላይ ብቅ ካለች ገና አንድ ሰዓት አልሞላትም። የቤቱ ግድግዳ ጭቃው በየቦታው ስለረገፈ ውስጥ የሚወራው ሁሉ ውጭ ይሰማል፤ ልጁ ሂክማ ደግሞ አባቷ ወደ ሐይቁ የወረደ መስሏታል። የምትነግራት ለእናቷ ለራሂማ ነበር፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሳታለቅስ፣ የሌላ ሰው ወሬ እንደምታወራ ሁሉ። «መምህሩ ላፕቶፕ የሌላችሁ ካላቸው ጋር ተጠጉና ተለማመዱ አለን። ወንጌላዊት አጠገብ ልቀመጥ ስል ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው። ወደ ሌላይቱ ሄድሁ፤ እሷም ሰው ይመጣል አለችኝ። ማንም አልመጣም፤ ወንበሩ ባዶውን ዋለ። እኔም በሩ ሥር ቆሜ ዋልሁ።» ከራሂማ በኩል የድስት ክዳን ሲነሣና ሲከደን ብቻ ተሰማ። ሱሌማን ያነሣውን ነዶ እንዳቀፈ ቆመ፤ የት ሊያደርገው እንዳነሣው ጠፋበት።

ለእሱ ነገሩ አዲስ አይደለም። የከተማው ሰው እንደ እሱ ያለ የሐይቅ ዳር ሰው የሠራውን ታንኳ ይገዛል፣ ያጠመደውን ዓሣ ይበላል፣ እንግዳ ሲመጣበት ወደ ሐይቁ ዳር አምጥቶ ፎቶ ያስነሣዋል፤ ማዕድ ላይ ግን አያስጠጋውም። አያቶቻችሁ ጉማሬ ይበሉ ነበር እየተባለ፣ ጉማሬ በሩቁ ሲያይ ታንኳውን የሚያዞር ሰው ስለ አያቱ ሆድ መልስ ስጥ ይባላል። ሱሌማን ለራሱ ለምዶታል፤ ሰው የማይለምደው ነገር የለም። ሂክማ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ አካውንቲንግ ተምራ ሰኞ የመጨረሻውን የተግባር ፈተና ልትፈተን ነው። የኮሌጁ ኮምፒውተሮች የሚበዙት ከተበላሹ ስለቆዩ ተማሪው የራሱን ይዞ ይምጣ፣ የሌለው ካለው ጋር ተጠግቶ ተራ ይጠብቅ ተብሏል። የሚያስጠጋት ከሌለ ሰኞም በሩ ሥር ልትቆም ነው። ወይም ደግሞ «እባክሽ ትንሽ ጠጋ በይልኝ» እያለች ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ልትዞር ነው፤ ሱሌማን የትኛው እንደሚብስ ሊለይ አልቻለም። የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጁ የራሷን ይዛ ገብታ፣ ማንንም ሳትለምን፣ ተቀምጣ እንድትፈተን።

ነዶውን አስቀምጦ ወደ ቤት ገባ። እናትና ልጅ ሲያዩት ደነገጡ፤ እሱ ግን የሰማ መሆኑን አልተናገረም። ሆድ ይፍጀው ብሎ ዋጠው። «ተነሽ ልበሽ» አላት፤ «ላፕቶፕ እንገዛለን።» ሂክማ እናቷን አየች፤ ራሂማ ጣሪያውን አየች። ለክረምቱ ቆርቆሮ ተብሎ፣ አሮጌው መረብም ተሽጦ ተጨምሮበት የተቀመጠው ሃያ አራት ሺህ ብር ከሳጥኑ ሥር መኖሩን ሦስቱም ያውቃሉ። «ቆርቆሮውስ?» አለች ራሂማ። «ዝናቡ ይጠብቀናል» አላት፤ ቀልድ መሆኑ ነው፤ የሳቀ የለም። ከዚያ እጁን በሳሙና ሁለቴ ታጠበ፣ የጁምዓ ኮቱን ደረበ፣ ጫማውን በጨርቅ ወለወለ። ከኮቱ እጅጌ የዓሣ ሽታ እንዳለ ለማወቅ አፍንጫውን ሲያስጠጋ ሂክማ አይታው ፊቷን አዞረች።

እስከ ዋናው መንገድ በእግራቸው ሄዱ። ከዚያ ባጃጅ በሰው ሠላሳ ብር ሲላቸው ሱሌማን ሊከራከር አፉን ከፈተና ዛሬስ ይሁን ብሎ ተወው። በዘንባባዎቹ ሥር አልፈው ወደ መሀል ከተማ ሄዱ። ሱሌማን እስኪደርሱ ድረስ ለሻጭ የሚናገረውን በልቡ ያዘጋጅ ነበር። ለኮሌጅ ነው ቢል፣ የትኛው ኮሌጅ፣ ላብራቶሪ የለም ወይ፣ ከጓደኛዋ ጋር ለምን አትሠራም የሚል ጥያቄ ይከተላል፤ በባዕድ ሰው ፊት ለዚያ መልስ የለውም። ስለዚህ ላፕቶፕ የሚሸጥበት የመጀመሪያው ሱቅ ገብተው አንዲት ቆንጆ ሻጭ «ለምን አገልግሎት ነበር?» ስትላቸው «ለቤት ነው» አላት። «እንዲሁ ለቤት፣ ለዕለት ተዕለቱ።» ቤት ሲል አንዲቱን ክፍል፣ መጋረጃውን፣ ከጎረቤት በተሳበ ሽቦ የምትበራውን አንዲት አምፖል እያሰበ ነበር። ሻጯ ግን ሳሎን መስሏት ሰፊ ስክሪን ያላቸውን አሳየቻቸው።

መስተዋት ላይ የተደረደሩት ሁሉ አዲሶች ናቸው። ሰማንያ ስድስት ሺህ፣ ዘጠና አንድ ሺህ፣ ቅናሽ የተደረገበት ሰባ አራት ሺህ። ሱሌማን ዋጋውን ሲሰማ ራሱን ይነቀንቃል፤ ነገሩን ሊያስብበት እንደፈለገ ሰው። አንዱን፣ ብርማውን፣ ሊያነሣው ብሎ እጁን ሲሰድ ልጅቱ «አባባ፣ በዓይንዎ ብቻ» አለችው፤ በደህና አነጋገር ነው ያለችው፣ ፈገግ ብላ። እጁን ሰበሰበ። ከሱቁ ሊወጡ በሩ ላይ ደርሰው ሲዞር፣ ልጅቱ የነካካውን የመስተዋት ጠርዝ በጨርቅ ስትወለውል አያት። ምናልባት የሁሉንም ሰው ጣት ትወለውል ይሆናል፤ ሱቅ ነው፤ አቧራም አለ። ሱሌማን ግን እንደዚያ ብሎ ራሱን ማሳመን አልቻለም፤ ሂክማም ያየች መሆኗን ከአረማመዷ አወቀ። ሁለት ሱቆች ሳይገቡ አለፉ።

ያገለገሉ ላፕቶፖች የሚሸጠው ምናሴ የሚባል ሰው ነው፤ ከፎቁ ጀርባ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱና ከጫማ ጠጋኙ መሀል፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚያስቆም ጠባብ ሱቅ አለው። ላፕቶፖቹ እንደ መጽሐፍ ተደራርበው መደርደሪያውን ሞልተውታል። «ግቡ አባባ፣ ግቢ እህቴ» አላቸው፤ ወንበሩንም ለሱሌማን ለቀቀለት። ለምን እንደሆነ ሲጠይቅ ሱሌማን ያንኑ ለቤት ነው አለው። «ለቤት ከሆነማ ሞልቷል።» ሱሌማን እጁን ኪሱ ውስጥ እንዳደረገ ከሩቅ ማየት ሲጀምር ምናሴ ሳቀ። «ምነው አባባ፣ ያንሡት እንጂ! ሳይጨበጥ ምን ይገዛል?» ይቺ አንዲት ቃል የሱሌማንን ልብ ወሰደችው። ሰው ምን ያህል ቢጠማ ነው በዚህ የሚረካ እንዳትሉ፤ ተጠምቶ ያላየ አያውቀውም። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ከዚህ ሱቅ ባዶ እጁን እንደማይወጣ ወሰነ።

ሂክማ የምትፈልገውን ታውቃለች። ኮሌጅ ውስጥ ቆማም ቢሆን ተምራለች። ምናሴን ፕሮሰሰሩን ጠየቀችው፣ ሜሞሪውን ጠየቀችው፣ የአካውንቲንግ ፕሮግራሙ ይጫንበት እንደሆነ ጠየቀችው። አንዱን ጥቁር ላፕቶፕ ከፍታ ጥቂት ጻፈችበትና ዓይኗ በራ፤ ባትሪው አራት ሰዓት እንደሚቆይ ምናሴ ነገራት። ዋጋው ሠላሳ ስምንት ሺህ ነው። ቀስ አድርጋ ዘግታ ወደ ቦታው መለሰችው። ሱሌማን ይህን አየ። ከዚያ ተነሥቶ ምርጫውን በራሱ እጅ ያዘው። የእነዚህን ዕቃዎች ነገር ባያውቅም ዕቃ መምረጥ ያውቃል፤ አርባ ዓመት ሲመርጥ ኖሯል። ደንገል ሲመረጥ በዓይን አይመረጥም፤ አረንጓዴው ያማረ ይመስላል፣ ግን ውሃ የጠጣ ነው፤ በሁለት ወር ይበሰብሳል፣ ሰው ይዞ ይሰምጣል። ደህናው የደረቀው ነው፤ የደረቀውም በክብደቱ ይታወቃል። ነዶው ሲነሣ እጅ ላይ ከቀለለ ታንኳው ይንሳፈፋል። አባቱ እንዲህ አስተማረው፣ እሱም ወንድሙን አሕመድን እንዲህ አስተማረው። ስለዚህ ላፕቶፖቹን አንድ በአንድ እያነሣ፣ በሁለት መዳፉ ላይ ከፍ ዝቅ እያደረገ፣ ዓይኑን ጨፍኖ መመዘን ጀመረ። ምናሴ መጀመሪያ ሳቅ አለ፤ ኋላ ግን ሳቁን ትቶ ያየው ጀመር።

ከታች ካለው ድርድር አንዱን ሲያነሣ ሱሌማን ዓይኑን ገለጠ። «ይኸ ነው» አለ። «ላባ ነው እኮ! ያዥው እስቲ።» ሂክማ ተቀበለችውና ገለበጠችው። ከጀርባው በቁመቱ ሙሉ የሁለት ጣት ስፋት ያለው ባዶ ጎድጓዳ ነበር። ሱሌማንም አይቶታል፤ የአየር ማስገቢያ መስሎታል። ሂክማ ጣቷን ጎድጓዳው ላይ አሳረፈችና ቀና ብላ ምናሴን አየችው፤ ምናሴ ወደ በሩ አየ። ቀጥላ አባቷን አየችው። ሱሌማን በሰው ፊት እንዲህ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ እንዲህ ደስ ብሎት፣ ያወቀውን ሲናገር ካየችው ስንት ጊዜ እንደሆናት አላህ ያውቃል። «ከባድ ነገር ውሃ ጠጥቷል ማለት ነው» ይላል ለምናሴ፤ «እንጨትም ይሁን ደንገል፣ ያው ነው። የቀለለው ነው የሚያሻግር።» ምናሴ «እውነትዎን ነው» አለ። ላፕቶፑን ሶኬት ላይ ሰካው፤ በራ። ስክሪኑ ንጹሕ ነው፣ ቁልፎቹም ደህና ናቸው፤ ፕሮግራሙንም እዚያው ጫነበት። ዋጋው ሃያ ሦስት ሺህ ሲባል ሱሌማን ወደ ልጁ ዞሮ «ምን ትያለሽ?» አላት። ሂክማ የተሰካውን ሽቦ አየች። «ጥሩ ነው አባዬ» አለች። «ለቤት ነው አላሉኝም?» አለ ምናሴ ብሩን እየተቀበለ፤ «ለቤት ይሆናል።»

ሲመለሱ ሱሌማን ላፕቶፑን በሁለት እጁ አቅፎት ነበር። ባጃጁ ውስጥ ስለማያስፈልግ ነገር ሁሉ አወራ፤ ስለ ሐይቁ አረም፣ ጎብኚ ከጠፋ ወዲህ ባዶውን ስለሚውለው የጀልባ ማረፊያ፣ ሰኞ ምን ለብሳ እንደምትሄድ። ሂክማ እሽ ትላለች። ቤት ሲደርሱ ራሂማ ምሳውን ትታ እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ መጣች፤ ለመንካት ግን ፈራች። ሱሌማን ምናሴ እንዳለው «አንሽው እንጂ! ሳይጨበጥ ምን ይታያል?» አላት። አሕመድም ከደጅ ሰምቶ ገባ። ወንድሙ እንዳለው አንሥቶ መዘነው፣ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ በግራ እጁም ሞከረው። «ወላሂ ደረቅ ነው» አለ። «እንዲህ ያለ ዕቃ እንዴት ለቀቁልህ?» ሁለቱ ወንድማማቾች ላፕቶፑን እየተቀባበሉ ሲያደንቁት፣ ሂክማ ቻርጀሩን ይዛ የሽቦውን ጫፍ እያየች ተቀምጣ ነበር።

ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ሳጥኑ ላይ አስቀምጠው ሰኩት። ሂክማ መለማመድ ጀመረች። ሱሌማን ከኋላዋ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጣቶቿን ያያል። አንድም ነገር አይገባውም፤ ቁጥሮቹ ወደ ላይ ይሄዳሉ፣ ይጠፋሉ፣ ሌላ ቦታ ይወጣሉ። የገባው ልጁ መቀመጧ ነው። ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች፣ ማንም አልተጫናትም፣ ማንም ቦርሳ አላስቀመጠባትም። ሰኞም እንዲህ ናት ብሎ አሰበ፤ ከዚያ በላይ ምን አለ? ራሂማ ሻይ ይዛለት መጥታ ከጎኑ ቆመች። በትዳራቸው ብዙ የማይነጋገሩ ሰዎች ናቸው፤ ግን ትከሻው ላይ እጇን አሳረፈች። ሱሌማን በሕይወቱ አንዲት ነገር አስተካክሎ የሠራ መስሎት ነበር።

አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን መብራት ሄደ። እንደማንኛውም ቀን ነው የሄደው፤ ሰፈሩ በሙሉ አንድ ጊዜ «ውይ» አለ። ስክሪኑም አብሮ ጠፋ። ሂክማ እጇን ከቁልፎቹ ላይ አንሥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ሱሌማን ተመልሶ ይበራል ብሎ ጥቂት ጠበቀ፤ የአሕመድ ስልክ መብራት ሲሄድ እንደማይጠፋ ያውቃል። የመሥሪያ ቤት ሰዎች ሻይ ቤት ቁጭ ብለው ያለ ምንም ሽቦ ላፕቶፕ ሲጎረጉሩ አይቷል። «ምን ሆነ?» አለ። «ባትሪ የለውም አባዬ።» «እንዴት የለውም?» ሂክማ ገልብጣ ጎድጓዳውን አሳየችው። «እዚህ ጋ ነበር መሆን ያለበት። ወጥቷል። ለዚያ ነው የቀለለው።» ሱሌማን ጣቱን ጎድጓዳው ውስጥ አስገባ፤ ባዶ ነው። «አሁን ነው ያወቅሽ?» አላት። ላፕቶፑን ወደ ቦታው መለሰችው። «ሱቁ ውስጥ ታውቂ ነበር?» «አይቸው ነበር» አለች። «ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?» ሂክማ ላፕቶፑን እያየች «ደስ ብሎህ ነበራ» አለችው። «ሰውየው ፊት አላውቅም እንድትባል አልፈለግሁም።»

ሱሌማን ቁጣ ፈለገ፤ በማን ላይ እንደሚያወጣው ግን አጣ። ላፕቶፑን በነጠላ ጠቅልሎ ወጣ። ባጃጅም አልያዘም፤ እስከ መሀል ከተማ ድረስ ሩጫ በሚባል አረማመድ ሄደ። ምናሴ የሱቁን መዝጊያ ሊያወርድ ሲል ደረሰበት። ምናሴም አላታለልሁም አላለም፤ አታልያለሁ ብሎም አላመነም። «አባባ፣ ለቤት ነው ብለውኝ ነበር እኮ። ቤት ከሆነ ሰክተው ነው የሚሠሩ፤ ብዙ ሰው እንዲህ ይወስዳል። ደግሞ የመረጡት እርስዎ ነዎት።» ባትሪው ለብቻው ይገኝ እንደሆነ ሱሌማን ጠየቀ። ሞዴሉ አሮጌ ስለሆነ እዚህ የለም አለ ምናሴ፤ መንገዱ ሰላም ሲሆን ከአዲስ አበባ ይመጣ ይሆናል፣ መቼ ግን አይታወቅም። ይቀየርልኝ አለው። ባትሪ ካላቸው የመጨረሻው ርካሽ ሠላሳ አራት ሺህ ነው፤ አሥራ አንድ ሺህ ይጨምሩ አለው። ሱሌማን ኪሱ ውስጥ ያለው ሺህ እንኳ የማይሞላ ብር ነው። ለኮሌጅ ነው፣ ሰኞ ፈተና አላት፣ እንዲህና እንዲህ ሆና ነው ሊለው ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ጠዋት ያላለውን አሁን ቢለው ልመና ይሆናል። ምናሴ «አይዞዎት» ብሎት መዝጊያውን አወረደ።

ቤቱ ሲደርስ መሽቶ የመግሪብ ሶላት ደርሶ ነበር፤ መብራቱ አልመጣም። ሰገደና በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ራሂማ በኩራዝ እራት አቀረበች፤ ማንም አልበላም። ላፕቶፑ በነጠላ እንደተጠቀለለ ሳጥኑ ላይ ነው። ሱሌማን «የምትፈተኑበት ክፍል ሶኬት የለም?» አለ። «አለ» አለች ሂክማ። «ኮሌጁም ጄኔሬተር አለው፤ መብራት እንኳ አይጠፋም።» «እንግዲያ እዚያ ትሰኪያለሽ።» «ሶኬቱ አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ ከፊት በግድግዳው በኩል። የፈተናው ቦታም በስም የተደለደለ ነው፤ የእኔ ከኋላ ነው።» «ኤክስቴንሽን ከአሕመድ እዋሳለሁ፤ ረጅም አለው።» «ብይዝም አባዬ፣ ሶኬቱ በልጅቱ ጠረጴዛ ሥር ነው። እሷ ካልተነሣችልኝ አልደርስበትም።»

«የቷ ልጅ?» አለ። «አንዲት ልጅ ናት» አለች ሂክማ ቶሎ ብላ። ሱሌማን ፊቱን ወደ ኩራዙ አዞረ። «ወንጌላዊት ናት?» አላት።

ሂክማ ቀና አለች። ይህን ስም ለአባቷ ነግራው አታውቅም። ራሂማም አንገቷን ደፋች። ሱሌማን ልጁ ሁሉንም እንደተረዳች አየ፤ ጠዋት ከግድግዳው ወዲያ እንደነበረ፣ ቆርቆሮውን ለምን እንደተወው፣ እጁን ሁለቴ ለምን እንደታጠበ፣ ሱቁ ውስጥ ለምን እንደዋሸ። ሊላት የሚችለው ሌላ ነገር ቢኖር ኖሮ ይላት ነበር፤ ቀኑን ሙሉ የሮጠው ይህችን ቃል ላለመናገር ነው። ሦስት ዓመት ግን ሦስት ዓመት ነው፤ በኩራት ፈተና ትቶ ቤት አይዋልም።

«እንግዲህ ለምኛት» አለ።

ሂክማ አየችው። ከዚያ «እሽ አባዬ፣ እለምናታለሁ» አለችው። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣም እንባም አልነበረም፤ ሱሌማንን የጎዳውም ይኸው ነው።